አልጋ ለወራሹ

በየምረቃው በዓል ንግግር የሚያደርግ ሰው ሁሉ ተማሪውን «አገር ተረካቢ ትውልድ» ሳይለው ከመድረክ አይወርድም። ቃሉን ከመልመዳችን የተነሣ ምን እንደሚል መስማት ትተናል። አማርኛችን ግን በዚህ ጉዳይ ንፉግ አይደለም፤ ተረካቢ አለ፣ ተተኪ አለ፣ ምትክ አለ፣ ወራሽ አለ። አራቱም አንድ አይደሉም። ተረካቢ አስረካቢ ይሻል። በየመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ሥራ ሲለቅ ዕቃው ይቆጠራል፣ ሞዴል 19ኙና ሞዴል 22ቱ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፣ የጎደለው ይጻፍበታል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ርክክብ ማለት ይኼ ነው። ተተኪ ግን አስረካቢ ባይኖረውም ተተኪ ነው፤ የወደቀውን ወታደር ቦታ የሚይዘው ሌላው ወታደር ማንም ዕቃ አላስቆጠረውም። ምትክ በሌላው ፈንታ የቆመ ነው፤ ዋናው ከመጣ ይነሣል። ወራሽ ለመሆን የሚያስፈልገው ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የእሱ መወለድና የሌላው መሞት።

እንግዲህ አገሪቱን ለሚገዛው ትልቁ ወንበር አባቶቻችን የመረጡት ቃል «አልጋ ወራሽ» ነው። አልጋ ተረካቢ አላሉም። በዚህ ጽሑፍ የምጠይቀው ይህ ምርጫ በታሪካችን ላይ ምን እንዳስከተለ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ አንድ ሒሳብ እናስላ። ካሣ ኃይሉ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 120 ዓመት አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ልጅ አባቱ ሲሞት ወዲያው ተክቶ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫነበት ጊዜ አንድም የለም። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ሲሞቱ ልጃቸውን ዓለማየሁን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው፤ ልጁ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሰው አገር ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ። አልጋውን የያዙት ዋግሹም ጎበዜ፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው፣ ሦስት ዓመት ብቻ ቆዩበት። ከእሳቸው አፄ ዮሐንስ በጦር ወሰዱት። የዮሐንስ ወራሽ የተባለው ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ከአባቱ ቀድሞ በ1880 ዓ.ም. ሞተ። በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው ሲያጣጥሩ ራስ መንገሻን «ልጄ ነው፣ ወራሼ ነው» ብለው ለመኳንንቱ ነገሩ፤ ይሁን እንጂ በጥቅምት 1882 እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት የሸዋው ምኒልክ ነበሩ። ከምኒልክ በኋላ ያለውን ወደፊት እመለስበታለሁ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን የነገሥታቱ ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው ይላል። ሳይቋረጥ! መቼም ወረቀት ሁሉን ይችላል።

ለምን እንዲህ ሆነ? «መሳፍንቱ ሥልጣን ጥመኞች ስለነበሩ» የሚለው መልስ መልስ አይደለም። ሥልጣን የማይጠማው መስፍን በየትኛው አገር ተወለደ? የአውሮፓ መሳፍንትም ጥመኞች ነበሩ፤ ሆኖም በብዙዎቹ ዘንድ የበኩር ልጅ አባቱን ተክቶ መቀመጡ ቀስ በቀስ ደንብ ሆኗል። እኔ መልሱን የምፈልገው ከቤተ መንግሥቱ ውጭ፣ ከገበሬው ማሳ ላይ ነው።

በሰሜኑ የርስት አገር፣ በጎጃምም በጎንደርም ሆነ በሌላው፣ መሬት የሚወረሰው እንዴት ነበር? ርስት ለበኩር ልጅ ብቻ አይሰጥም። ወንድም ሴትም ይወርሳል። በአባትም በእናትም ይቆጠራል። አንድ አቅኚ አባት ከብዙ ትውልድ በፊት መሬት ያዘ እንበል፤ የእሱ ተወላጅ ነኝ የሚል ሁሉ፣ በአባቱ እናት በኩልም ይሁን በእናቱ አባት በኩል፣ «ድርሻዬን» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው ከመሬቱ ይበዛል። ሁሉም ወራሽ ከሆነ ደግሞ መሬቱን በእጁ የሚያደርገው ማነው? የዘር ሐረጉን አስረግጦ የሚቆጥር፣ ምስክር የሚያቆም፣ ዘመድ የሚያሰልፍ፣ በሙግት የሚበረታ ነው። መወለድ ወደ ሙግቱ መግቢያ በር ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ርስት ሲሉ የማይነቀል ነገር ይመስላል፤ በተግባር ግን ገበሬው ዕድሜውን ሁሉ ይሟገትበታል።

አልጋውም ልክ እንደዚህ ነበር። ከሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል ሁሉ ጠያቂ ነው፤ በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ጠያቂው ከአልጋው ይበዛል፤ ፍርዱ በሙግት ነው። ልዩነቱ የገበሬው ሙግት በዳኛ ፊት፣ የመኳንንቱ ሙግት በጦር ሜዳ መሆኑ ነው። ቴዎድሮስ በእናታቸው፣ ተክለ ጊዮርጊስ በዛጔውም በሰሎሞኑም፣ ዮሐንስ በእናት በኩል፣ ተፈሪ በሣህለ ሥላሴ ሴት ልጅ በኩል እያሉ ሐረግ ቆጥረዋል። ማንም ሐረግ አልጎደለበትም፤ የሚጎድለው ሌላ ነገር ነበር።

የጥንቶቹ ነገሥታት ይህን ችግር አላወቁትም ማለት አይደለም፤ አውቀው መድኃኒት አበጅተውለት ነበር። መድኃኒቱ አምባ ነው። እስከ ግራኝ ጦርነት ድረስ ግሸን አምባ፣ ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ደግሞ ወህኒ አምባ የነጋሢው ዘር መዝጊያ ነበር። ንጉሡ ሲነግሥ ወንድሞቹና የአጎቶቹ ልጆች ተራራ ላይ ይወጣሉ፤ በዙሪያው ጠባቂ ይቆማል። ንጉሡ ሲሞት መኳንንቱ ይመክሩና አንዱን ያወርዱታል። በ1426 ዓ.ም. ዘርዓ ያዕቆብን ከግሸን ያወረዷቸው እንዲህ ነው፤ አፄ በካፋም ወህኒን ቀምሰዋል። እስር ቤትን «ወህኒ ቤት» የምንለው ከዚሁ ነው። ልብ በሉ፤ በዚህች አገር ለወራሽ የተሠራ የመጀመሪያው ተቋም ትምህርት ቤት አልነበረም፣ እስር ቤት ነው። የሚነግሠው ሰው አገሩን የሚያየው ከተራራ ጫፍ ነው። ስለ ግብር፣ ስለ ዳኝነት፣ ስለ ጦር የሚያውቀው የሰማውን ያህል ብቻ ነው። የሚያስረክበው ሰው ሞቷል፤ የሚያስተምሩት ያወረዱት መኳንንት ናቸው። እነሱም ለራሳቸው የሚጠቅመውን ያህል ነው የሚያስተምሩት።

በአንድ ቦታ ግን ነገሩ የተለየ ነበር። ሸዋ ውስጥ ከመርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ወደ ልጃቸው ወሰን ሰገድ፣ ከወሰን ሰገድ ወደ ሣህለ ሥላሴ፣ ከሣህለ ሥላሴ ወደ ኃይለ መለኮት ግዛቱ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል። ሌላው አገር በዘመነ መሳፍንት ሲታመስ ይህ ቤት ጸንቶ ቆየ። ጎንደር ሩቅ ነው፤ ግዛቱ ጠባብ ነው፤ ጭፍራው የአንድ ጌታ ነው። ወንድሞቹስ? እነሱ ጎንቾ ታስረዋል። ሸዋም የራሷ ወህኒ ነበራት። ርክክቡ በሰላም የሆነው የቀሩት ወራሾች በሰንሰለት ስለነበሩ ነው።

ምኒልክ የዚህ ቤት ልጅ ናቸው። እሳቸው ግን ወንድሞች የሚታሰሩበት ዘመን ያለፈበት፣ በዚያ ላይ ሸዋን ብቻ ሳይሆን ያን ሁሉ አገር የያዘ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። የሚያወርሱት ወንድ ልጅ የላቸውም። አስፋ ወሰን የሚባል ልጃቸው በልጅነቱ ሞቷል። ዘውዲቱ አሉ፤ ሴት ናቸው ተባለ። ብዙ ሰው ተተኪ ይሆናሉ ብሎ የጠበቃቸው ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ሞቱ። የሸዋረጋ ልጅ የሆነው የልጅ ልጃቸው ወሰን ሰገድም በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሞተ። ምኒልክ ራሳቸው ታመሙ። ይህን ሁሉ ስትደምሩት፣ ያ ዐድዋ ላይ ጣሊያንን የመለሰ መንግሥት ሁሉ ነገሩ በአንድ የታመመ ሰው ላይ የተንጠለጠለ እንደነበረ ትረዳላችሁ።

ምኒልክ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት ከዐድዋው ይልቅ በዚህ በሕመማቸው ዘመን የተነሣ ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾሙ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ንጉሡ ቢወድቅ ሥራው የሚይዘው ሰው ይኑር። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ልጅ ኢያሱን፣ የወይዘሮ ሸዋረጋንና የወሎውን ራስ ሚካኤልን ልጅ፣ ወራሻቸው መሆኑን በአዋጅ ነገሩ። ልጁ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት እንደራሴ ሆኑለት። በዚያው ዓመት የአፄ ዮሐንስን የልጅ ልጅ ሮማነወርቅ መንገሻን አጋቡት። ስሌቱን ተመልከቱ፤ በእናቱ ሸዋ፣ በአባቱ ወሎ፣ በሚስቱ ትግሬ። ሦስቱን ቤት በአንድ ልጅ ገላ ላይ መስፋት ነው። በአዋጁም ላይ ምኒልክ ከቴዎድሮስና ከዮሐንስ በኋላ የሆነውን መተላለቅ አስታውሰው፣ እርስ በርሳችሁ አትጠፋፉ ብለው መከሩ። ያንን የ40 ዓመት ታሪክ በደንብ ያዩት ሰው ናቸውና ምክሩ ባዶ ቃል አልነበረም።

ይህን ሁሉ ያሰሩት ግን በምንድነው? በመሐላና በእርግማን። መኳንንቱ ማሉ፤ አቡነ ማቴዎስ ገዘቱ። ኢያሱን የከዳ ጥቁር ውሻ ይውለድ ብለው ረገሙ የሚለው እስካሁን በሰው አፍ ይነገራል። ዛሬ ስንሰማው እንስቅ ይሆናል፤ ለዚያ ዘመን ሰው ግን መሐላ ከእኛ ፊርማ የበለጠ እንጂ ያነሰ አልነበረም። ፊርማህን ብትክድ ዳኛ ይቀጣሃል፤ መሐላህን ብትክድ ነፍስህ ትጠፋለች። ምኒልክ በእጃቸው ያለውን ከሁሉ የጠነከረ ገመድ ነው የተጠቀሙት። ድካሙ ገመዱ ላይ አይደለም፤ ቋጣሪው ፈቺም መሆኑ ላይ ነው። የገዘተ ጳጳስ መፍታትም ይችላል።

ቀጥሎ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። ምኒልክ አንደበታቸው ተዘጋ። እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን ያዙ፤ በመጋቢት 1902 መኳንንቱ ከሥራው አስወጧቸው። ራስ ተሰማ በ1903 ሞቱና ልጁ ያለ ሞግዚት ቀረ፤ ሌላም ሞግዚት አልፈልግም አለ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ አረፉ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ምኒልክ ሞቱ፤ ግን ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም። ለቅሶ የለ፣ ፍታት በይፋ የለ፣ ነጋሪት የለ። ወራሽ ለመሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል ብዬ ነበር፤ መወለድና የሌላው መሞት። ኢያሱ ሁለተኛውን ከለከሉት፣ ወይም ራሱ ከለከለ። ንጉሡ «ካልሞቱ» ወራሹ አይወርስም፤ ስለዚህ ዘውድም አልጫነም። በ1906 ግንቦት አባቱን ሚካኤልን የወሎና የትግሬ ንጉሥ ብሎ አነገሣቸው፤ ራሱ ግን «ልጅ» እንደተባለ ቀረ። ልጅ ሆኖ አባቱን የሚያነግሥ ሰው! ቋንቋችንም እስካሁን ዘውዱን አልጫነለትም። ምኒልክን «አንቱ» ብለን የምናወራ ሰዎች፣ ዘውዲቱንም ኃይለ ሥላሴንም «እሳቸው» የምንል ሰዎች፣ ኢያሱ ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን «እሱ» እንላለን። እኔም ከላይ ያልኩት እንደዚያው ነው።

ኢያሱን የመሐሉ አገር ታሪክ እንደ ባለጌ ልጅ አድርጎ ነው የሳለው፤ አደነ፣ ዞረ፣ ሴት ወደደ፣ አዲስ አበባ አልቀመጥ አለ እያለ። ይህ ሁሉ እውነት ይሁን። ነገር ግን ያቺን አገር ዞሮ ለማየት የሞከረ ወራሽ ስንት ነበር? በአፋርና በሐረር ከእስላሙ ጋር ተቀምጦ በላ፣ ከባላባቶቻቸው ጋር ተጋባ። አባቱ ሚካኤል ራሳቸው እስከ 1870 ዓ.ም. ድረስ መሐመድ ዓሊ ነበሩ። ኢያሱ የወረሰው የምኒልክን አገር ነው፤ የምኒልክ አገር ደግሞ ከግማሹ የማያንስ ያልተጠመቀና በሌላ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ያለበት ነው። ወራሽነትን እሱ የተረዳው አገሩን ሁሉ መውረስ አድርጎ ነው፤ መኳንንቱ የተረዱት ቤቱን መውረስ አድርገው ነው። ፖለቲካውን ግን አልቻለበትም። በጦርነቱ ዘመን ወደ ቱርክና ጀርመን ማዘንበሉ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንን በአንድ ላይ አስነሣበት፤ በ1908 ክረምት ሐረርን ከደጃዝማች ተፈሪ መንጠቁ ደግሞ ለአድመኞቹ ሰው ሰጣቸው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ክሱ ሃይማኖቱን ለወጠ የሚል ነበር። የመሐላው ጉዳይ ግን ቀላል አልሆነላቸውም። ያ ሁሉ ራስና ደጃዝማች ለምኒልክ ምሏል። አቡነ ማቴዎስም ራሳቸው የገዘቱትን ለመፍታት አመንትተዋል። በመጨረሻ ሕዝቡ ከመሐላው ተፈታ ተባለ። ኢያሱ ተሻረ፤ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ይህን ካደላደሉት ሰዎች ዋናው የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው የመጡ፣ አልጋ የሚያስቆጥር ሐረግ የሌላቸው ሰው። አልጋ መውረስ የማይችለው ሰው አልጋ አወረሰ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ። በዚያ ሜዳ የወደቀው ገበሬ ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም፤ ምኒልክ «አትጠፋፉ» ያሉት በዚህ ተፈጸመ። ኢያሱ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ሲንከራተት በ1913 ተያዘ፣ ፍቼ ታሰረ፣ በ1924 አምልጦ እንደገና ተያዘ፣ በጋራ ሙለታ ታስሮ ቆይቶ በኅዳር 1928 ሞተ። አምባው ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የዘውዲቱና የተፈሪ ዘመን ለቃላችን አዲስ ትርጉም ሰጠው። አልጋ ወራሹ ከንግሥቲቱ አልተወለዱም፤ በዕድሜም የሚያንሱት በ16 ዓመት ያህል ነው። እንደራሴም እሳቸው፣ ወራሽም እሳቸው። ንግሥቲቱ ትነግሣለች፣ ወራሹ ይገዛል። ተፈሪ ቸኩለው አልሮጡም፤ ጠበቁ። በ1919 ኅዳርና ታኅሣሥ ውስጥ አቡነ ማቴዎስና ሀብተ ጊዮርጊስ በቀናት ልዩነት ሞቱ፤ የ1901ዱንም የ1909ኙንም መሐላ በአካል የሚያውቁት ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች አንድ ሰሞን አለፉ። በ1921 ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። መጋቢት 22 ቀን 1922 የንግሥቲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ተገደሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥቲቱ አረፉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በ14 ዓመት ውስጥ «አልጋ ወራሽ» የሚለው ማዕረግ በአገሪቱ ከሁሉ የከበደ ሥራ ሆኖ ነበር።

በሚቀጥለው ሰው ላይ ግን ያው ማዕረግ ባዶ ዕቃ ሆነ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣው ሕገ መንግሥት አልጋው ከኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ደነገገ። ከዚያ በፊት መሐላ የነበረው አንቀጽ ሆነ። ጠያቂ ከአልጋው የሚበዛበት የርስት ሙግት በወረቀት ላይ ተዘጋ ማለት ነው፤ በ1948 ደግሞ ወራሽነቱ በወንድ ልጅ በታላቅነት ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወራሹ በሕግ የታወቀ፣ ያልታሰረ፣ የተማረ ሰው ነበር፤ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን። ስማቸው የዚያ የሸዋው መርዕድ አዝማች ስም ነው። ለረዥም ዘመን የወሎ ገዥ የሚለውን ማዕረግ ይዘው ነበር፤ የሚካኤልን አገር፣ የኢያሱን አገር። ሥራስ? አባታቸው ለ14 ዓመት በወራሽነት ስም ያልያዙት ሥልጣን አልነበረም፤ ልጃቸው በ44 ዓመት ወራሽነት በስማቸው የሚጠራ አንድ ትልቅ ውሳኔ ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱ አይጠፋንም። ኃይለ ሥላሴ አልጋ ወራሽ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ እሳቸው ራሳቸው አድርገውታልና። ንጉሠ ነገሥቱ የሚያስበልጡት የሐረሩን መስፍን ልዑል መኰንንን ነው ይባል ነበር፤ እሱም በ1949 በመኪና አደጋ ሞተ።

የአስፋ ወሰን ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ አዲሱን መንግሥት የሚያውጀውን ጽሑፍ በሬዲዮ ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ተገደው ነው ወይስ ወደው የሚለው ክርክር እስካሁን አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አብዮተኞቹ እነ ገርማሜ ንዋይ እንኳ፣ ያን ሁሉ ትምህርት የተማሩ ሰዎች፣ አሮጌውን ሥርዓት ለመጣል የፈለጉት የአሮጌውን ሥርዓት ወራሽ ነው። ሕዝቡ ሌላ ዓይነት ተተኪ አያምንም ብለው ይሆናል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በዚያ ሰሞን ድጋፋቸውን ለመግለጽ ሰልፍ ወጡ። የተማሪው ማኅበር ከቤተ መንግሥት ጋር በግልጽ የተለያየበት ቀን እሱ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ የተለያየው ግን አልጋ ወራሹን እየደገፈ ነው!

ከዚያ የቀረውን እዚሁ ስድስት ኪሎ እናገኘዋለን። አድመኞቹ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአረንጓዴው ሳሎን፣ የያዟቸውን ሚኒስትሮችና መኳንንት ገደሉ። ከሞቱት አንዱ ራስ ሥዩም መንገሻ ናቸው፤ መተማ ላይ ወራሽ ተብሎ ያልወረሰው የመንገሻ ልጅ። ንጉሠ ነገሥቱ ደም ወደፈሰሰበት ቤት መመለስ አልፈለጉም፤ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ሕንፃ ፎቁን የወጣ ሰው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል ያያል። አልጋው እዚያ አለ። ለአገር ጎብኝ የሚታይ፣ የእንጨት፣ የእውነት አልጋ። እንግዲህ የዚያ አልጋ ወራሽ ማን ሆነ? የተማሪ መማሪያ ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የእኛ ሰልፍ፣ የእኛ ጭቅጭቅ። ማንም ዕቃ ቆጥሮ አላስረከበንም፤ ደሙም አብሮ ነው የመጣው።

በየካቲት 1957 ከዚህ ግቢ የወጣው ተማሪ «መሬት ላራሹ» አለ። ስለዚህ መፈክር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቃሉ ግን ብዙ ሲባል አልሰማሁም። አራሽ እና ወራሽ፤ ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት። ወራሽ መብቱን የሚያገኘው ከሞተ ሰው ነው፤ አራሽ ከጉልበቱ። ተማሪው ያቺን አንዲት ፊደል ነው የጣላት። መሬት ለወራሹ የሆነበት አገር ላይ መሬት ላራሹ ማለት የአባትና የእናት ሐረግ ቆጠራ ይብቃ ማለት ነው። የደቡቡ ጭሰኛ ይህን ሲሰማ ደስ ብሎታል፤ የሚወርሰው ርስት አልነበረውማ። የሰሜኑ ባለ ርስት ገበሬ ግን ያን ያህል አልጨፈረም። ወራሽነቱ ድህነቱን ባያስቀርለትም ኩራቱ ነበር። የእኛ ጽሑፎች ይህን ለረዥም ጊዜ «ኋላ ቀር ንቃተ ኅሊና» ብለው አልፈውታል። ችኮላ ይመስለኛል።

በ1967 ዓ.ም. የሆነውን በቀን መቁጠር ይጠቅማል። መስከረም 2 ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። አልጋ ወራሹ ከጥር 1965 ጀምሮ አእምሯቸውን ደም አፍስሷቸው በውጭ አገር ይታከሙ ነበር፤ በሚያዝያ 1966 ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር ተማሪ የነበረውን የ20 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ዘርዓ ያዕቆብን ከአባቱ ቀጥሎ አመልክተው ነበር። ደርግ ግን አስፋ ወሰን ከሕክምና ሲመለሱ ሥልጣን የሌላቸው ንጉሥ ይሆናሉ ብሎ አወጀ። ደርግም እንደ ገርማሜ ወራሽ ፈለገ ማለት ነው። እሳቸው አልመጡም። የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ፤ ርስትም ጉልትም በአንድ ቀን ተሻሩ። መጋቢት 12 የንጉሥነቱ አዋጅ ተሰረዘ፣ ዘውዱም ቀረ። በሁለቱ አዋጆች መካከል 17 ቀን ብቻ አለ። የማሳው ወራሽነትና የአልጋው ወራሽነት፣ አንዱ ከአንዱ ሐሳብ ሲበደር የኖሩት ሁለቱ፣ በአንድ ሰሞን ተያይዘው ሄዱ። ይህን መገጣጠም ደርግ አስቦበት ያደረገው አይመስለኝም።

የመሬቱ አዋጅ ግን አንድ ትንሽ አንቀጽ አለችው። ገበሬው ሲሞት ሚስቱ ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ በመሬቱ ይጠቀማሉ፤ እነሱ ከሌሉ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጁ። ወራሽ በትልቁ በር ተባርሮ በጓሮ በር ገባ። መግባትም ነበረበት፤ አባቱ የሞተበትን ሕፃን ከማሳው ማን ያስነሣዋል?

አስፋ ወሰን በሚያዝያ 1981 ለንደን ላይ አምኃ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ስደተኛው ኢትዮጵያዊ በብዛት ከሚኖርበት፣ እዚያው ቨርጂኒያ በጥር 1989 ዓ.ም. አረፉ። አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ ቅድስት ሥላሴ ተቀበረ። በዚያን ጊዜ አባታቸው ገና በወግ አልተቀበሩም ነበር። የኃይለ ሥላሴ ቀብር የተፈጸመው በዚያው ቤተ ክርስቲያን በጥቅምት 1993 ነው፤ ወራሹ አባቱን በመቃብሩ ቀደመው።